የፊት ክፍሉ ጭስ ማውጫ

ጄማ የምትባለዋ የቤት አሻሻጭ ማስታወቂያዋን ጽፋ ስትጨርስ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። «አስገራሚ ታሪክ ያለው፣ ባለ ግርማ የቪክቶሪያ ዘመን ቤት፣ ሃሊፋክስ ከተማ ውስጥ ለሽያጭ ቀርቧል።» ከዚያ ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና፣ «ለመሆኑ ታሪኩ ምንድነው፣ ወይዘሮ ሆልሮይድ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ሳታውቂው ነው እንዴ የጻፍሽው?»

«ከመቶ ዓመት በላይ የቆመ ቤት ታሪክ አያጣም ብዬ ነዋ! ብቻ ሰው ሞቶበታል እንዳይሉኝ። እሱን ከሰማ ገዢ ይሸሻል።»

ልጅቷ ክፋት የላትም። ዕድሜዋ ነው እንዲህ የሚያናግራት። ሻይዋ ላይ ወተት ጨመርኩላትና ልነግራት የምችለውን ያህል ነገርኳት።

ቤቱን ያሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ኃላፊ የነበረ ሰው ነው። ያን ጊዜ በሃሊፋክስ ጭስ ያላጠቆረው ድንጋይ አልነበረም ይባላል፤ ፋብሪካዎቹ ተዘግተው እንኳ የእኛን ቤት ግንብ ጥቁረቱ አልለቀቀውም። ሰውዬው ልጆች ሞተውበት ስለነበር፣ ይህን ቤት ሲያሠራ ግንበኞቹ የፊት ክፍሉ ጭስ ማውጫ ውስጥ የልጅ ጫማ እንዲያስቀምጡለት ጠየቃቸው። አዲስ ጫማ አይሆንም። የተረገጠ፣ የልጅ እግር ቅርጽ የያዘ መሆን አለበት። ክፉ ነገር በጭስ ማውጫው ሲወርድ ጫማውን ልጅ መስሎት እዚያው ይቀራል፣ ቤት ውስጥ ያሉትንም ልጆች አይነካም። ባለቤቴ ኔቪልና እኔ ቤቱን ስንገዛ፣ ሻጫችን አሮጊቷ ወይዘሪት አክሮይድ ቁልፉን ከማስረከባቸው በፊት ይህንን ነገሩን።

«ካገኛችሁት መልሳችሁ እዚያው አድርጉት» አሉን። «ጫማው የቤቱ ነው፣ የእናንተ አይደለም። ደግሞ ጫማ የሚያስቀምጥ ሰው አይናገርም። ለሚስቱም ቢሆን አይናገርም። ከተናገረ ተራ ጫማ ይሆናል።»

ኔቪል ውጭ እስክንወጣ እንኳ መጠበቅ አልቻለም፣ በር ላይ ሳቀ። የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፣ በሁሉም ነገር ይስቃል። የጋዝ ማሞቂያ ሊያስገባ ግድግዳውን ሲከፍት ግን ያቺን እንደ ዘቢብ የተጨማደደች ጥቁር ጫማ አገኛት። ትንሽ ይዟት ቆየ። ከዚያ ምንም ሳይናገር ቦታዋ መለሳትና ጡቡን ራሱ ዘጋው።

«በጣም ቆንጆ ነው! ይሄን እጽፈዋለሁ» አለች ጄማ።

ሌላውን አልነገርኳትም። ሰው ሞቶበታል ወይ ብላ ብታፋጥጠኝ፣ አልሞተበትም እላት ነበር፣ ውሸትም አይሆንብኝም። ልጄ ጌይነር የሞተችው ሆስፒታል ነው። ፊት ክፍሉ ውስጥ ያስተኛናት ከሞተች በኋላ ነው።

ሦስት ዓመቷ ነበር። ጠዋት ትኩሳት ይዟት ተነሣች፤ እኔ ፊቷን አይቼ ፈራሁ። ኔቪል የሥራ ኮቱን እየለበሰ ግንባሯን ዳሰሳትና፣ «ጉንፋን ነው፣ ይቺ ልጅ ምንም አትሆንም» ብሎኝ ወጣ። ማጅራት ገትር ነበር። በማግስቱ ጠዋት ጌይነር አልነበረችም።

በእኛ ሰፈር የፊት ክፍል ለገና፣ ለቄስና ለሬሳ ነው፤ ሌላ ቀን በሩ ተዘግቶ ይውላል። ትንሿን ሣጥን ጭስ ማውጫው ፊት ለፊት አኖርናት። ነጭ ቀሚሷን አለበስኳት። ቀጥሎ ቀይ ጫማዋን ፈለግሁ። ማሰሪያዋ ላይ ዘለበት ያላት ቀይ ጫማ ነበረቻት፣ ስትተኛ እንኳ አላወልቅም ብላ የምታስለቅሰኝ። ከሆስፒታል የሰጡኝን ከረጢት ከፍቼ ሁለቱንም በእጄ አውጥቼ ደረጃው ሥር አስቀምጫቸው ነበር። አሁን አንዷ ብቻ ናት ያለችው።

ያን ቀን ያልፈለግሁበት ቦታ የለም። የከሰሉን ማስቀመጫ ገለበጥሁ። የሕፃን ወንድሟን ጋሪ አራገፍሁ። ኔቪልም ከኋላዬ እየተከተለ ይፈልጋል፤ አልጋ ሥር በጉልበቱ ተንበርክኮ በእጁ ሲዳብስ ዛሬም ይታየኛል። በመጨረሻ፣ «የጎረቤት ውሻ ወስዶት ይሆናል፣ ኤቭሪል። በቃሽ» አለኝ። ልጄ በካልሲ ተቀበረች። ኅዳር ነበር፣ መሬቱ በረዶ ሆኖ ቆፋሪዎቹ ያማርሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብርድ በገባ ቁጥር የማስበው እግሯን ነው።

የቀረችውን አንዷን ጫማ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አኖርኳት። በየጊዜው እያወጣሁ ቀለም እቀባታለሁ።

ጌይነር ስትሞት ወንድሟ ራስል ገና የሚጠባ ሕፃን ነበር። እሱን ያሳደግሁት በፍርሃት ነው። ሲተኛ ትንፋሹን አዳምጣለሁ። ትምህርት ቤት ሲሄድ መንገዱን እስኪሻገር በመስኮት አያለሁ። ስልክ ሲጮህ ሳነሣው አፌ ደርቆ ነው። ኔቪል ግን እንደ ድሮው ነው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ስልክ በጠራ ቁጥር ሬሳ ታወጫለሽ እኮ!»

«አርፍዷል እኮ ኔቪል። ጨልሟል።»

«ኳስ እየተጫወተ ነው። ይሄ ልጅ ምንም አይሆንም።»

ይቺን ቃል እንዴት ደግሞ አፉ እንደደፈረ ይገርመኝ ነበር። በጌይነርም ያላት ይቺኑ ነው። ተናግሬው አላውቅም እንጂ በዚህች ቃል ምክንያት የጠላሁት ቀን ብዙ ነው። እኔ መስኮት ላይ ተገትሬ ስቃጠል፣ እሱ ፊት ክፍል ገብቶ ጭስ ማውጫው ላይ እጁን አስደግፎ ይቆማል።

«ምን ትሠራለህ እዚህ?»

«እየሞቅሁ።»

«በሐምሌ ሙቀት? ማሞቂያው ጠፍቷል እኮ!»

«ለካ ለዚህ ነው የማይሞቀኝ!»

እንዲህ ይለኝና ይስቃል። እኔ በሩን ዘግቼበት ወደ መስኮቴ እመለሳለሁ።

ኔቪል በልብ ሕመም ነው የሞተው። ሊሞት ሰሞን አንድ ቀን ትራሱን ሳስተካክልለት እጄን ያዘኝና፣ «ኤቭሪል፣ ያንን ፊት ክፍል…» አለ።

«ምን ላድርገው?»

«ተይው። እንዳለ ይሁን» አለኝ። ስለ ቀለሙ የሚያወራ ነበር የመሰለኝ።

እሱ ከሄደ በኋላ ጉልበቴ ደረጃውን እምቢ አለ። ራስል ሮችዴል ነው የሚኖረው፣ ከተራራው ወዲያ። እሱ ቤት አጠገብ ደረጃ የሌላት ትንሽ ቤት አገኘልኝ። አንድ ቀን ከደረጃው ወድቄ ብቻዬን እሞታለሁ፣ የሚያገኘኝም እሱ ይሆናል ብዬ ስለፈራሁ እሺ አልኩት። ጄማም ገዢ አመጣች። ሳይማ ትባላለች፣ አስተማሪ ናት፣ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ አክስቴ ነው የምትለኝ። ቤቱን ወደደችው። ቤቱን የመረመረው ሰውዬ ግን የፊት ክፍሉ ጭስ ማውጫ እርጥበት ይዟል፣ ተከፍቶ ሳይታይ አትፈርሚ አላት። እኔ እርጥበቱ ግድግዳውን ይዞት ይወድቃል፣ ሰው ይገድላል ብዬ ስጨነቅ ሰነበትሁ።

ዴስ የሚባለው ግንበኛ የመጣው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ራስልም ዕቃ ሊያግዘኝ መጥቶ ነበር። ሳይማ ደግሞ መጋረጃ ልትለካ ብቅ አለች። ዴስ ኮምፒውተር ላይ ሲሠራ የሚውለውን ልጄን ከላይ እስከ ታች አየው።

«አንተ ወጣት፣ ይሄ እጅህ ባልዲ ነክቶ ያውቃል?»

«ወጣት ስላልከኝ ሁለት ባልዲ አመጣልሃለሁ» አለው ራስል። ፀጉሩ ሸብቷል።

ዴስ ማሞቂያውን ነቅሎ ግድግዳውን መታ መታ አደረገና አንገቱን ነቀነቀ። «የኔ እናት፣ ይሄን የዘጋው ማነው? የግንበኛ እጅ አይደለም። ደግሞ ሁለቴ ተከፍቶ የተዘጋ ነው።»

«ባለቤቴ ነው። አውቶቡስ ነጂ ነበር።»

«ያስታውቃል። ማቆሚያ ያጣ ይመስል ገትሮታል።» ሁላችንም ሳቅን። ዴስ በመሮ ይፈለቅቅ ጀመር። ሳይማ ከአቧራው ራቅ ብላ በሩ ላይ ቆመች። እኔ ሻይ ላፈላ ልወጣ ስል ዴስ ጠራኝ።

«እዚህ ውስጥ ጫማ አለ።»

«አውቃለሁ፣ የድሮ ናት። እንዳለች ተዋት።»

«ጥቁሯንማ ተውኳት። ይቺኛዋስ?»

«ሌላ የለም።»

«አለች እንጂ የኔ እናት። ቀይ ናት።»

እጁን አውጥቶ ሰጠኝ። ጥላሸቱን በአውራ ጣቴ ጠረግሁት፣ ዘለበቷ ታየች። የታሸጉት የዕቃ ካርቶኖች ላይ ተቀመጥሁ። ራስል ሮጦ ያዘኝ። «እማዬ! እማዬ ምን ሆንሽ?» ይለኛል።

ጫማዋ ውስጥ የተጠቀጠቀ ነገር ነበር። ሳወጣው በሰማያዊ ክር የተሠራች የሕፃን ካልሲ ናት።

«ይቺ ደግሞ የማን ናት?» አለ ራስል።

«ያንተ ናት። እኔ ነኝ የሠራኋት። ጫማዋ የእህትህ ናት።»

እኔ መጀመሪያ የተሰማኝ ኀዘን አልነበረም፣ ንዴት ነው። አልጋ ሥር ተንበርክኮ ሲዳብስ የነበረው ሰውዬ፣ ጫማዋ የት እንዳለች ያውቅ ነበር። ውሻ ነው አለኝ። በእኔ ፊት፣ ሣጥኗ ተከፍቶ እያለ ውሻ ነው አለኝ። ልጄን በካልሲ ያስቀበረኝ እሱ ነው። ብድግ ብዬ ልጮህበት ፈለግሁ፣ የምጮህበት ሰው ግን የለም።

ቀና ስል ዓይኔ ግድግዳው ላይ አረፈ። ዴስ ከከፈተው ቀዳዳ ጎን፣ በትከሻ ከፍታ ላይ፣ የግድግዳው ወረቀት ተልጦ ጠቁሯል። የኔቪል እጅ ነው። ማታ ማታ፣ ራስል ሲያረፍድ፣ ብስክሌት ሲጀምር፣ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ዕለት፣ እየሞቅሁ ነው እያለ ያሳረፈበት ቦታ ነው።

«ይሄ ልጅ ምንም አይሆንም» ይለኝ የነበረው ስላልፈራ አልነበረም። አንድ ጊዜ ብሏት ልጅ ሞታበታለች። ሁለተኛ ሊላት የሚችለው ግድግዳው ውስጥ አንድ ነገር አስቀምጦ ብቻ ነው። በዚህ ቤት ውስጥ ፈሪዋ እኔ ብቻ የመሰልኩኝ ዘመን ሁሉ፣ እሱ ከግድግዳው ማዶ ቆሞ አብሮኝ ይፈራ ነበር። ብንነጋገር ምን ነበረበት? ግን የሚያስቀምጥ አይናገርም። ለሚስቱም ቢሆን።

ራስል ከታሸጉት ዕቃዎች መሃል የብስኩቱን ቆርቆሮ ፈልጎ አመጣልኝ። ሁለቱን ጫማዎች ወለሉ ላይ ጎን ለጎን አኖርኳቸው። የእኔዋ በቀለም ብዛት ልትጠቁር ደርሳለች፣ የእሱዋ በጥላሸት ደብዝዛለች። የአንድ ልጅ ጫማ መሆናቸውን ያወቅሁት እኔ ስለሆንሁ ነው።

«ይዘሻቸው ነይ፣ እማዬ» አለ ራስል። «ሁለቱንም። አዲሱ ቤት መስኮት ላይ ታስቀምጫቸዋለሽ። አንቺኮ ዕድሜ ልክሽን ነው የፈለግሻት።»

ዴስ ኮፍያውን አወለቀ። «በልማዱ እንኳ መመለስ ነበረባት» አለ ቀስ ብሎ። «ግን እናት ነሽ። ማን ምን ይልሻል?»

ሳይማን አየኋት። እጇ ሆዷ ላይ ነው። ሳያት ቶሎ አወረደችው። «ውሰጃት፣ አክስቴ» አለችኝ። «የእኔ እናት ለሁሉም ነገር ክታብ ታንጠለጥላለች፣ እኛ ቤት ክታብ አይጠፋም። ለእኛ ብለሽ እንዳትተያት።»

ወሰድኳት። እውነቱን ለመናገር ሌላ ነገር አላሰብሁም። ካልሲዋን መልሼ ውስጧ አደረግሁና ሁለቱንም ጫማዎች የኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኳቸው። ኪሴ ውስጥ እጄ አልለቀቃቸውም። የምፈልገው ይህንኑ ነበር፣ አገኘሁት።

ራስል በመስኮት ወደ ሰማይ አየና የመኪናውን ቁልፍ ከጠረጴዛው አነሣ። «ተራራው ላይ ጭጋግ እየወረደ ነው። ሳይብስ ልሂድ፣ ነገ ተመልሼ ዕቃውን እጭናለሁ።»

ያን መንገድ አውቀዋለሁ። ከላይ ጫፉ ላይ ዛፍ የለ፣ ቤት የለ፤ ጭጋግ ሲወርድ የፊትህን መኪና የምታየው ከገባህበት በኋላ ነው። ግድግዳው ባዶ አፉን ከፍቶ ያየኛል። ልጄ ጉንጬን ስሞኝ ወደ በሩ ሄደ።

«ራስል፣ ቁም።»

«ምነው?»

«ቁልፉን አስቀምጥ። ዴስ፣ ሲሚንቶ አለህ?»

«እማዬ፣ በናትሽ! ፀጉሬ ሸብቷል እኮ። እዚህ ያደረሰኝ ጫማ ነው እንዴ?»

«አላውቅም። አንተም አታውቅም። ቁልፉን አስቀምጥ አልኩህ!»

አስቀመጠው። ዴስ ባልዲውን ይዞ ሲወጣ ራስልን በክርኑ ጎሸመውና፣ «ና፣ ባልዲ የምትነካበት ቀን ዛሬ ነው» አለው። ሲሚንቶው ተቦክቶ ሲመጣ ሁሉንም ከክፍሉ አስወጣኋቸው። ሳይማ በሩ ላይ ዘወር ብላ አየችኝ።

«ቀይዋ ጫማ የቤቱ ናት» አልኳት። «ግድግዳውን አታስከፍቱት። ሲረጥብም፣ ስታስቀቡትም አታስከፍቱት።»

«አላስከፍትም፣ አክስቴ። ቃሌ ነው።»

በሩን ዘግቼ ቀዳዳው አጠገብ በጉልበቴ ተንበረከክሁ። ቀይዋን ጫማ ኔቪል ያኖራት ቦታ፣ ከጥቁሯ ጎን መለስኳት። ቀይዋን ሁሉም አይቷታል፤ ከእሷና ከካልሲዋ ሌላ ምን እንዳስገባሁ፣ የብስኩቱ ቆርቆሮ ውስጥስ ምን እንደቀረ አልናገርም። ራስል ጠይቆኝ ነበር፤ ለእሱም አልነገርሁትም። የመጀመሪያውን ጡብ በእጄ አኖርሁና ዴስን ጠራሁት።

የመጨረሻዋ ጡብ እስክትገባ ልጄን አለቀቅሁትም። ኮቱን ለብሶ ኮሪደሩ ውስጥ ተቀምጦ ጠበቀ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። በሩ ላይ ስለያየው እንደ ልማዴ ቀስ ብለህ ንዳ፣ መብራትህን አብራ፣ ስትደርስ ደውል አልኩት። ከዚያ፣ ከኔቪል አፍ በቀር ወጥታ የማታውቀውን ቃል ልለው ፈለግሁ። ምንም አትሆንም ልለው። አፌ ላይ ደርሳ ቀረች።

የመኪናው ድምፅ ከመንገዱ ጠፋ። ዴስና ሳይማም ሄዱ። እንደ ወትሮው መስኮቱ ላይ አልቆምኩም። ፊት ክፍል ገብቼ የግድግዳው ወረቀት የተላጠበት ቦታ ላይ እጄን አሳረፍሁ። ከፍ ይልብኛል፣ እሱ ቁመቱ ረጅም ነበር። ስልኩ እስኪጮህ እንደዚያው ቆምኩ። ከእጄ በታች ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነው።